ሁለት ሰው ሲቀር

ኅዳር 6 ቀን 2018፣ ቅዳሜ ማታ

…ከዚያ ሳለ። ጋሽ ወልደኪዳን አፉን በክንዱ ሸፍኖ ሦስት ጊዜ ሳለ፤ እኔም ሁለት ንጉሥ በእጄ ይዤ ካርታዬን ጣልኩ። አምና ነው ይሄ፣ ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ። ሁለት ንጉሥ ይዞ የሚጥል ሰው የለም። ሳሉን ከካርታው ጋር ምን እንዳገናኘው እስከ ዛሬ አላውቅም። የታመመ መሰለኝ ልበል? አልታመመም። ሻይ ትን ብሎት ነው።

ይህን ያስታወስኩት ዛሬም ሁለተኛ ስለወጣሁ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በሰላሀዲን ልብስ ስፌት ቤት የኋላ ክፍል፣ ስምንት ሆነን ፖከር እንጫወታለን። ጨዋታውን ያመጣው ገብረአማኑኤል ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፣ ለትምህርት ውጭ አገር ቆይቷል። ገንዘብ የለበትም። ሰላሀዲን «ገንዘብ ከገባበት እናንተም ትወጣላችሁ» ስላለ በአዝራር ነው የምንጫወተው፤ ለሰው አርባ አርባ። ሁለት ካርታ ተደብቆ ይሰጥሃል፣ አምስት ካርታ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ በየተራ ይገለጣል። የደፈረ አዝራሩን ወደ መሐል ይገፋል፤ ሌላው ወይ ያንኑ ያህል አስቀምጦ ይይዘዋል፣ ወይ ካርታውን ጥሎ ይወጣል። የተሻለ ያለው፣ ወይም የተሻለ ያለው የመሰለ፣ መሐል ያለውን አዝራር ይወስዳል። ያለቀበት ይነሳል። መጨረሻ ላይ ሁለት ሰው ይቀራል። ከሁለቱ አንዱ እኔ ነኝ። አሸናፊው ሌላው ነው።

በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከጥምቀት በኋላ፣ ትልቁ ውድድር አለ። ሽልማቱ ገብረአማኑኤል ከመሐል ሜዳ የሚያስመጣው የበግ ሱፍ ባና ነው። አራት ዓመት ተወዳድሬ አራቴ ሁለተኛ ወጣሁ። አራቱንም ባና የወሰደው ጋሽ ወልደኪዳን ነው። ሰላሀዲን ቤት «ምክትል» ይሉኛል።

ባለቤቴ ይመኙሻል ዛሬ የሹመት ደብዳቤ መጣልኝ አለች። አረርቲ፣ የአዋላጆች ኃላፊ ሆና። «ልሂድ ወይስ ልቅር?» አለችኝ። አንቺ እንደመሰለሽ አልኳት። ከተጋባን ሃያ አራት ዓመታችን ነው፤ በውሳኔዋ ገብቼ አላውቅም። አክብሮት ነው። ራቷን ሳትጨርስ ተነሳች። ቆላ ስለሆነ ሙቀቱ አሳስቧት ይሆናል።


ኅዳር 8፣ ሰኞ

ውርጭ። የቧንቧው ውሃ እስከ ሦስት ሰዓት አልወረደም።

አሥራ ሁለት መዝገብ፤ ዘጠኙ ተለዋጭ ቀጠሮ። የሬጅስትራር ሥራ ይኸው ነው፤ ዳኛው ይናገራሉ፣ እኔ ቀን እሰጣለሁ። አንድ ባላገር «ጌታዬ፣ እኔ የመጣሁት ለቀን አይደለም፣ ለነገሬ ነው» አለኝ። ጥር 20 ሰጠሁት።

ይመኙሻል ስለ ደብዳቤው ምንም አላለችም። እኔም አላነሳሁባትም።


ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ሁለተኛ።

ስወጣ ከመጋረጃው ጀርባ ጋሽ ወልደኪዳን ለገብረአማኑኤል ሲለው የሰማሁት፦ «ይሄ ሰውዬ ደግ ነው ወይስ ምንድን ነው?» ገብረአማኑኤል ምን እንደመለሰ አልሰማሁም። ሰላሀዲን የስፌት መኪናውን አስነሳው።


ኅዳር 14፣ እሑድ ጠዋት

ይመኙሻል ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። እኔ ራሴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። አላመመኝም። ማሰብ ስለነበረብኝ ነው።

ስምንት ሆነን ስንጫወት ጎበዝ ነኝ። ይህን ያለ ትዕቢት ነው የምጽፈው። ትዕግሥት አለኝ። መጥፎ ካርታ ሲደርሰኝ እጥላለሁ፤ ሌሎቹ እርስ በርስ ይበላላሉ፤ እኔ ሻዬን እጠጣለሁ። ሰባት ዓይነት ሞኝነት በፊት ለፊቴ ሲያልፍ ቁጭ ብሎ ማየት ነው ሥራው። ሁለት ስንሆን ግን የሚያልፍ ሞኝነት የለም። ያለው የኔ ብቻ ነው። ደግሞ ካርታ ሳናይ የግድ የምናስቀምጠው አዝራር አለ። ስምንት ስንሆን ተራው ዞሮ ሲደርሰኝ ነው የማስቀምጠው፤ ሁለት ስንሆን ሁልጊዜ ተራዬ ነው። ስለዚህ ጥሩ ካርታ እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው በመጠበቁ ብቻ ያልቃል። ማንም ሳይነካው። አንድ አንድ እያለ።

ሌላም አለ። ስምንት ስንሆን የምወስደው ከጠረጴዛው ነው። ሁለት ስንሆን የምወስደው ከጋሽ ወልደኪዳን ነው። ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። መነጽሩን በፕላስተር ጠግኗል። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንኮበር መስመር አውቶቡስ ነድቷል፤ እናቴን ከነፍየሏ ጭኖ ያመጣበት ቀን ነበር፤ ለፍየሏ ቦታ የሰጠው ከሞተሩ አጠገብ፣ ሙቀት ካለበት ነው። ከእንዲህ ያለ ሰው አዝራር እንዴት ይነጠቃል? «ኧረ አንተ ውሰድ» የሚል ነገር ከሆዴ ይመጣል። እጄ ካርታውን ሲጥል ለሽማግሌ ወንበር የለቀቀ ይመስለዋል።

ታዲያ ይሉኝታ ነው፣ ጨዋነት ነው አልኩ ለራሴ። ቀጥሎ ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም።


ኅዳር 19፣ ዓርብ

ብቻዬን መለማመድ ጀምሬያለሁ። ለግራ እጄ ሁለት ካርታ፣ ለቀኝ እጄ ሁለት ካርታ። አንዱ የሌላውን እንዳያይ እደፋቸዋለሁ። ግራ እጄ በተከታታይ አሥራ አንድ ጊዜ ጣለ። ቀኙ አሸነፈ፤ ደስታ ግን አልነበረም።

ይመኙሻል በሩ ላይ ቆማ ስታይ ነበር፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም።

«ማን እየመራ ነው?» አለች።


ኅዳር 21፣ እሑድ

ጽዮን ናት። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ጠረጴዛው ጋ መጣች።

«አስተምረኝና ከኔ ጋር ተለማመድ።»

ከጓዳ ሽንብራ አምጥታ አርባ ለእኔ፣ አርባ ለራሷ ቆጠረች። ሕጉን ሃያ ደቂቃ አስረዳኋት። ስድስቱን ደቂቃ አዳመጠች።

«በቃ ገባኝ። የሌለኝን እንዳለኝ፣ ያለኝን እንደሌለኝ።»

«ከዚያ በፊት የካርታዎቹን ደረጃ…»

«አድል እንጂ፣ ዘርአ።»

አደልኩ። ካርታዋን በቅጡ ሳታይ አሥር ሽንብራ ገፋች። ጣልኩ። እንደገና አሥር ገፋች። ጣልኩ። በሦስተኛው ሁለት ዘጠኝ ነበረኝ። ሃያ ገፋች። አሰብኩ።

«ምን ይዘሻል?» አልኳት።

«ተከተልና እየው።»

ጣልኩ። ካርታዋን ገልብጣ አሳየችኝ። ሦስትና ሰባት፤ ምንም የማያገናኛቸው።

«አንድ ጊዜ እንኳ ያዝ» አለች። «አንድ ጊዜ። ብትሸነፍም።»

ማስታወሻ፦ ጀማሪ ስለሆነች ፍርሃት የላትም። ደጋግሞ መግፋት ይሠራል። ከእሷ መማር ይቻላል።

ጾም ስለሆነ ሽንብራውን ለራት ቀቀለችው። የተሸነፍኩትን ቁጭ ብዬ በላሁ።


ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

የዛሬው ይጻፍ።

እንደተለመደው ሁለት ቀረን። ሰላሀዲን የሙሽራ ቀሚስ ጠርዝ በእጁ እየሰፋ ከጀርባዬ ቆሟል። ካርታ በእጁ ነክቶ አያውቅም፤ «እኔ ቦታውን ነው የሰጠኋችሁ፣ እሱንም አላህ ይቅር ይበለኝ» ይላል። ያያል ግን። የአልዩ አምባ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ሰው ገበያ ላይ ምን እንደሚያስብ ከጀርባው ያውቃል።

ጋሽ ወልደኪዳን ገፋ። እኔ ጣልኩ።

«ሱብሃነላህ!» አለ ሰላሀዲን። «ዘንድሮም? አምና ሁለት ንጉሥ ይዘህ ጣልክ፣ ዛሬ ደግሞ ይህንን!»

የጋሽ ወልደኪዳን እጅ አዝራር እየሰበሰበ ነበር። ቆመ።

«ማን ነው ሁለት ንጉሥ ይዞ የጣለው?»

«አይ፣ እኔ እንኳ…» አልኩ።

«አንተን አልጠየቅኩም። ሰላሀዲን፣ ማን ነው?»

«እንግዲህ ወጣ ከአፌ» አለ ሰላሀዲን። «አምና ስትስል ነው።»

«ስስል?»

«ሻይ ትን ሲልህ።»

ጋሽ ወልደኪዳን መነጽሩን አወለቀ። ያለ መነጽር ሌላ ሰው ነው።

«አዝነህልኝ ነው?»

«ጋሼ፣ አክብሬህ ነው።»

«አራት ባና አልጋዬ ሥር ተቀምጧል። አንዱን ለብሼ ፎቶ ተነስቼ፣ አሸነፍኩ ብዬ ለልጄ ልኬያለሁ። አክብረኸኝ ነው?»

መነጽሩን በሸሚዙ ጠረገ። ከዚያ የባጥ የቆጡን የሚያወራ መስሎ ጀመረ።

«ከአንኮበር ወደ ታች መንገዱ ጠባብ በነበረ ጊዜ፣ ሁለት መኪና ከተገናኘ አንዱ ወደ ኋላ መመለስ አለበት። ባለጌና ጨዋ ሹፌር ከተገናኙ ጨዋው ይለቃል፣ ያልፋሉ። ሁለት ባለጌ ከተገናኙ ይሰዳደባሉ፣ አንዱን ይደክመዋል፣ ያልፋሉ። ሁለት ጨዋ ከተገናኙ ግን፣ አንተ እለፍ፣ ኧረ አንተ፣ በሞቴ፣ እኔ ልሙት ሲባባሉ ጉም ይመጣል። ጉም ከመጣ ማንም አያልፍም። ሕዝብ ዳገት ላይ ያድራል፣ ሁለት ጨዋ ስለተገናኙ።»

«አድረህ ታውቃለህ?» አለ ገብረአማኑኤል።

«ሁለት ጊዜ። ሁለቴም ከአንድ ሰው ጋር።»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ትንሽ ዘግይቼ።

«በል ካርታህን ያዝና ተጫወተኝ» አለኝ መነጽሩን እየመለሰ። «ካልሆነልህ ቦታውን ለሌላ ልቀቅ። መልቀቅ መቼም ትችላለህ።»


ኅዳር 28፣ እሑድ

የሁለቱን ጨዋ ሹፌሮች ነገር ለይመኙሻል ነገርኳት። አልሳቀችም።

«ጎበዝ ሰው ናቸው» አለች። «ሲጨርሱ ምን አሉህ?»

«ያዝና ተጫወት አሉኝ።»

«እና?»

«እለማመዳለኋ።»

ሳህኑን አነሳች። ገና አልጨረስኩም ነበር።


ታኅሣሥ 3፣ ዓርብ

ይመኙሻል ለደብዳቤው መልስ ሰጥታለች። እሄዳለሁ ብላለች። ሰኞ ጥር 18 ሥራ ትጀምራለች። ይህን የነገረችኝ ቁልቋል ስለበላው የጎረቤት በግ ስታወራ ነው፤ ከበጉ ቀጥሎ።

ማታ ስልኳን በእጇ ይዛ መጣች። «አረርቲ ቤት የሚፈልግልኝ ሰው ነው። ስንት ክፍል ልበለው?»

«የሚበቃሽን» አልኳት።

«የሚበቃኝን» አለች።

ስልኩን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። በመስኮቱ ሰማሁ። አንድ ክፍል አለችው። አንድ ክፍል ለማጽዳትም ይቀላል።


ታኅሣሥ 5፣ እሑድ

አርባ ዙር። ሠላሳ አንዱን እሷ፣ ዘጠኙን እኔ። እድገት ነው።

አንድ ጊዜ፣ ምንም ሳይኖረኝ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሃያ ሽንብራ ገፋሁ። ልቤ ይመታ ነበር፤ ለሽንብራ። ይመኙሻል አየችኝና ጣለች። ፈገግ አለች፤ ይህን ፈገግታ ልጆቹ ቤት ሳሉ ነበር የማውቀው።

«ምን የያዝኩ መሰለሽ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን ጣልሽ?»

«ገፋህ እኮ» አለች።

ሕጉን በደንብ አልተረዳችውም ማለት ነው። እንደገና ማስረዳት አለብኝ።


ታኅሣሥ 13፣ ሰኞ

ሳሌም ከጅማ ደወለች። ትልቋ ልጃችን ናት፤ ስልክ ላይ ሁልጊዜ ትቸኩላለች።

«አባዬ፣ እማዬ እኮ ፈቃድ አይደለም የጠየቀችህ።»

«እኔስ መቼ ከለከልኳት?»

«እሱን ነው የምልህ!»

ተቆረጠ። ኔትወርክ ነው። መልሳ አልደወለችም፤ ኔትወርኩ አልተስተካከለም ማለት ነው።


ታኅሣሥ 16፣ ሐሙስ

በአረርቲ በኩል መንገድ ተዘግቷል ሲሉ ቢሮ ሰማሁ። ሻይ አዘዝኩ። ጣፋጭ ነበር። ሁለተኛ አዘዝኩ።


ታኅሣሥ 19፣ እሑድ

መንገዱ ተከፍቷል አሉ።


ታኅሣሥ 21፣ ማክሰኞ

ዛሬ በምሳ ሰዓት የዝውውር ማመልከቻ ጻፍኩ። ወደዚያው፣ አረርቲ ወዳለበት ወደ ሚንጃር። ሰባት መስመር። የእጅ ጽሑፌ ጥሩ ነው፤ ይህን ሰዎችም ይላሉ። ከሰባቱ መስመር በአምስተኛው ላይ «ከባለቤቴ ጋር ለመኖር» የሚል አለ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሌላ ሰው የጻፈው ይመስላል።

ለኃላፊው ልሰጥ ተነሳሁ። በራቸው ገርበብ ብሎ ነበር። ስልክ እያወሩ ነበር። ሰው ስልክ ሲያወራ መግባት ነውር ነው። ተመለስኩ።

መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ጊዜ አለ። ከውድድሩ በኋላ አእምሮዬ ነጻ ይሆናል። ለይመኙሻል እስካሁን አልነገርኳትም፤ ባልተረጋገጠ ነገር ሰውን ተስፋ ማስያዝ ጥሩ አይደለም።


ታኅሣሥ 25፣ ቅዳሜ

አንደኛ።

አንደኛ። ጋሽ ወልደኪዳንን፣ በሁለት ሰው ጨዋታ፣ በአርባ ደቂቃ። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነው፦ ፊቱን አላየሁም። አዝራሩን ብቻ አየሁ። የፍየሏን ነገር እንዳላስብ የስምንትን ብዜት በልቤ እቆጥር ነበር። ጥሩ ሲደርሰኝ ገፋሁ፣ መጥፎ ሲደርሰኝም ገፋሁ፣ ሲገፋኝ ግማሹን ጊዜ ያዝኩ።

«ነቃ እንዴ ምክትል!» አለ ሰላሀዲን።

ጋሽ ወልደኪዳን እጄን ጨበጠኝ፤ ጠበቅ አድርጎ። አራት ዓመት እንዲህ ጨብጦኝ አያውቅም።

ለይመኙሻል ልነግራት እየሮጥኩ መጣሁ። አረርቲ ሄዳ ነበር፣ ቤቱን ልታይ። ረስቼው።


ታኅሣሥ 29፣ ገና

ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት ነው። ሁለት ሰው ነን። ፈረሰኛውን ለእኔ አወጣችልኝ። መልሼ ወደ እሷ አደረግኩት። መልሳ ወደ እኔ አደረገችው። በሞቴ አልኩ። እኔ ልሙት አለች። ሳንበላው ገበታው ተነሳ።


ጥር 5፣ ማክሰኞ

ሻንጣዋን ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረደች። እዚያ ሙቀት ነው ብላ ሹራቦቿን ሁሉ ተወቻቸው። አራቱንም በአንድ መደርደሪያ አድርጋ፣ አጣጥፋ። ሹራቡን የተወ ሰው ተመልሶ ይመጣል ብዬ አሰብኩ። ከዚያ፣ ቆላ ለሚሄድ ሰው ሹራብ ምን ያደርግለታል ብዬም አሰብኩ። ሁለቱም ትክክል ናቸው።


ጥር 9፣ ቅዳሜ

እንደገና አንደኛ። በተከታታይ ሦስተኛ ቅዳሜ። ገብረአማኑኤል «ምን አግኝቶህ ነው?» አለኝ። የሚያለማምደኝ ሰው አግኝቼ ነው አልኩት። ማን እንደሆነ አልነገርኩትም።

ማታ ሽንብራ አመጣሁና እንጫወት አልኳት።

«አሁን ጎብዘሃል» አለች። «ለውድድር ይበቃሃል። ተወኝ፣ ደክሞኛል።»

«አሥር ዙር ብቻ።»

«ዘርአ» አለች። ስሜን ብቻ ነው የጠራችው። ቀጥሎ የሚመጣውን ትንሽ ጠበቅሁ፤ አልመጣም፤ ሽንብራውን ወደ ጓዳ መለስኩ።


ጥር 11፣ ሰኞ፣ ጥምቀት

ውርጭ። ውሃው ሲረጭ አንገቴ ድረስ ገባ። ታቦቱን ስንሸኝ ጎረቤታችን እትዬ አመተ ማርያም ከይመኙሻል ጎን ሄዱ።

«ይመኙ፣ ልትተዪን ነው አሉ?»

«እንግዲህ እንጀራ ነው፣ እትዬ።»

«አቶ ዘርአስ?»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ሕዝቡ ይዘምራል። የተጠየቅኩት እኔ ነበርኩ፤ ቦታው ባዶ ነበር፤ ማንኛውም ቃል ይሆን ነበር።

«ትመላለሳለች» አልኩ።

«መመላለስ» አለች ይመኙሻል። ጃንጥላዋን ዘረጋች። ፀሐይ አልነበረም።


ጥር 12፣ ማክሰኞ

ጉንፋን። ሥራ አልገባሁም። ዝንጅብል አፈላችልኝ፣ ማር ጨመረችበት። ቀኑን ሙሉ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጣ ልብሷን ስታጥፍ ዋለች። እኔ የተኛሁ መሰልኩ። ጥሩ ቀን ነበር።


ጥር 14፣ ሐሙስ

ቢሮ። መሳቢያውን ከፈትኩ። ዘጋሁ። ኃላፊው ስብሰባ ናቸው አሉ። አልጠየቅኩም ነበር፤ ጸሐፊዋ እንዲሁ ነው የነገረችኝ።

ቅዳሜ ውድድሩ። እሑድ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሚኒባሱ።


ጥር 16፣ ቅዳሜ ምሽት

ስድስቱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተነሱ። ሁለት ቀረን። እሱ መቶ ዘጠና አዝራር፣ እኔ መቶ ሠላሳ። ባናው በሰላሀዲን ልብስ ማንጠልጠያ ላይ ተሰቅሏል፣ ትከሻ ያለው ሰው መስሎ።

የዛሬው ጋሽ ወልደኪዳን ሌላ ነበር። ሲገፋ እያዜመ ይገፋል። ሁለቴ ያዘኝ፤ ወደ ሰባ ወረድኩ። የድሮው እኔ መጣ፤ ካርታህን ጣል፣ አሁን ሽማግሌው ደስ ይበለው፣ ሁለተኛም ክብር ነው አለኝ። አልሰማሁትም። ሰባውንም ገፋሁ። ያዘኝ። እሱ ሁለት ስድስት ይዟል፤ እኔ ሁለት አሥር። መቶ አርባ ሆንኩ። ከዚያ አልተመለስኩም። አሥራ አምስት ዙር ያህል ገፋሁ፤ አሥራ አንዱን ለቀቀ። ሰላሀዲን መርፌውን አፉ ውስጥ ይዞ መስፋት ተወ።

ነገሩን የወሰነችው ዙር እንዲህ ነበረች። ጠረጴዛው ላይ ንጉሥ፣ ዘጠኝ፣ ስምንት፣ ሁለት፣ ሌላ ሁለት። እኔ በእጄ አራትና አምስት፤ ማለትም ምንም። ያለኝን ሁሉ ወደ መሐል ገፋሁ። በሁለት እጄ፣ እንደ እህል።

«ምክትል» አለኝ። «ንጉሥ አለህ?»

ዝም አልኩ። እንደ ድሮ ዝምታዬ አይደለም። ፊቱን አየሁት፤ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት፣ እናም አላፈርኩም።

ረጅም ጊዜ አሰበ። በእጁ የያዘውን ዘጠኝ ገልብጦ አሳየና ጣለው። እኔም አራትና አምስቴን ገለበጥኩ። ክፍሉ ጮኸ።

«ጎሽ!» አለ ጋሽ ወልደኪዳን፣ ጠረጴዛውን በመዳፉ እየመታ። «ጎሽ የኔ ልጅ! እንዲህ ነው እንጂ፣ እንዲህ ዋሸኝ!»

ከዚያ በኋላ በሁለት ዙር አለቀ። ባናውን በገዛ እጁ ትከሻዬ ላይ ጣለልኝ። ዓይኑ እርጥብ ነበር፤ ወይም ፕላስተሩ መነጽሩን ከልሎት ነው።

ባጃጅ አልጠበቅኩም። በእግሬ መጣሁ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ነገር አዘጋጀሁ፤ ማለት አዘጋጀሁት ማለት አይቻልም፣ እንደመጣልኝ እላለሁ አልኩ። ለካ ሲገፉ እንዲህ ነው። ወደፊት መሄድ ብቻ ነው። ሰውየው ደስ ይለዋል። ጠረጴዛውን ይመታል።

ሁለቱ ሻንጣዎች ኮሪደሩ ላይ ነበሩ። ይመኙሻል ወንበር ላይ ተቀምጣ የሻንጣ መታወቂያ ወረቀት ላይ ስሟን እየጻፈች ነበር። የእሷን ስም ብቻ።

«አሸነፍኩ» አልኳት።

«እንኳን ደስ አለህ።» ባናውን ዳሰሰችው። «ሱፉ ጥሩ ነው።»

ሳልጠየቅ ነው የተናገርኩት። ይህ መመዝገብ አለበት።

«እኔም እመጣለሁ» አልኩ።

«የት?»

«አረርቲ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«የዝውውር ማመልከቻ አስገብቻለሁ» አልኳት። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ፊቷ ላይ ቀስ ብሎ አንድ ነገር መጣ፤ ከግንባሯ ጀምሮ ወደ ታች፣ ቤት ውስጥ መብራት ሲበራ ከውጭ እንደሚታየው። ባየሁት ቁጥር ልጽፈው የሚገባ ነገር ነው፤ ለብዙ ዓመት ግን አላየሁትም።

«አስገባህ?»

«አዎ።»

«ለኔ ሳትነግረኝ?»

«ድንገት ላስደስትሽ ብዬ።»

«መቼ አስገባህ?»

«ሰኞ።»

«ሰኞ» አለች። አሁንም ፊቷ እንደበራ ነው። ከዚያ ማሰብ ጀመረች፤ ስታስብ አየሁ።

«ሰኞ ጥምቀት ነበር፣ ዘርአ።»

«ማክሰኞ ማለቴ ነው።»

«ማክሰኞ ታመህ እዚህ ተኝተሃል። እኔ አጠገብህ ነበርኩ።»

ረቡዕ ልል ነበር። ረቡዕ ቢሮ ገብቻለሁ። ከመጀመሪያው ረቡዕ ብል ኖሮ።

«ማመልከቻው አለ» አልኳት። «ወር ሊሞላው ነው ከጻፍኩት። መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ከባለቤቴ ጋር ለመኖር ይላል።» ይህ እውነት ነው። እውነቱን ስናገር ድምፄ ተንቀጠቀጠ።

ይመኙሻል ስሟን የጻፈችበትን ወረቀት ሻንጣው ላይ አሰረች።

«ኅዳር ላይ ልሂድ ወይስ ልቅር ስልህ…» አለች። አልጨረሰችውም።

ተነሳች። ነጠላዋን ከወንበሩ ላይ አነሳች። መብራቱን እንደበራ ተወችው። የውጭው በር ተዘጋ።